ሽጉጥ

«ባሕር ዳር ነው ሥራዬ» ብዬ ብነግራት፣
እናቴ ለአፍታ አገር የገባሁ መሰላት።
የለም፣ ፈሃሂል ነው፣ የኩዌት ዳርቻ፤
ባሕሩም ባሕር ነው ለነዳጅ ጫኝ ብቻ።

ሁለተኛው በር ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣
የውጭው ቃጠሎ ከውስጡ ብርድ ሲማከር፣
አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ እውላለሁ፤
የሴቶቹን ቦርሳ ከፍቼ አያለሁ፦
ሽቶ፣ የልጅ ጡጦ፣ ግማሽ ቸኮሌት፣
የተጣጠፈ ደረሰኝ፣ ክኒን የራስ ምታት።
ደረቴ ላይ ያለው ባጅ «አዛ» ይለኛል፤
«ለች» የምትለዋን ቦታ አጥቶ ጥሏታል።

ከራሴ በላይ ነው ማስጠንቀቂያ ሰሌዳው፤
ውሻ፣ ሲጋራ፣ ሽጉጥ፣ ቀይ መስመር የቀደዳው።
ውሻው ወደ ግራ፣ ጭሱ ወደ ላይ፣
የሽጉጡ አፍ ቁልቁል፣ የእኔን አናት ሊያይ።

ይህ ቤት የማን ቤት ነው? ብዙ ቀን አሰብኩት።
የግል ነው እንዳልል፣ በሩ አይንኳኳ፤
የሕዝብ ነው እንዳልል፣ ባለቤት አለው፣ ለካ፤
በዓመት አንዴ ያልፋል፣ ፊቱን አይቼ አላውቅ፤
«አይቻልም» የሚለው ቃሉ ግን በእኔ አፍ ነው የሚጠበቅ።

አጎቴ ዋሴ ነበር፣ ቋራ፣ በሰርግ ቀን፣
ከዳስ ደጅ ተቀምጦ ተቀባይ ጠመንጃን።
እንግዳው በትከሻው አንግቶ ሲመጣ
በሁለት እጁ ሰጥቶት ይገባል ሊጠጣ፤
ምሰሶው ላይ በተራ ይሰቀላል ሁሉም።
«ያነገተን አልፈራም፤ እንግዳ ነው እሱ፤
የሸጎጠውን ፍራ፤ ሌላ ነው ድግሱ።»

ስሙን ያወጡለት ሰዎችማ ዐወቁ፤
በብረቱ አልጠሩት፣ በእሳት በመብረቁ፤
ሽጉጥ አሉት፣ በቃ። በተቀመጠበት፣
በብብት፣ በጉያ፣ ሰው በማያይበት።

ሐሙስ ማታ ነበር። አንድ ሰው መጣ፣
ነጭ ዲሽዳሻ፣ ሽቶው ቀድሞት የወጣ፤
ሴት ልጁ ከፊት ናት።
ቀኝ እጁ በእርምጃው ልክ ሲወዛወዝ
ግራው ከጎኑ ተጣብቋል፣ እንዳረጀ ምርኩዝ።
ዐወቅሁት አካሄዱን፤ አገሬ ያለ ነው።
መሣሪያው ጮኸ። ቢካሽ ቀና ሳይል ቀረ፤
ለቁልፍም ለቀበቶም ስንቴ ሲጮህ ኖረ።
ሰውየው አየኝ። አየሁት።
ማየቴንም አየ።
ምን ልበል? ኢቃማዬ በኩባንያው መሳቢያ፣
ፓስፖርቴም ከሥሩ ተሸጉጧል እዚያ፤
አንድ ቃል ብናገር ነገ የት ነው በሬ?
አንድ ቃል ብውጠው የማን ነው ነውሬ?

ያን ጊዜ ልጅቷ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣
ሰሌዳውን አየች፤ ዓይኗ እዚያው ዘለቀ፤
ከትንሿ ቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋች፤
አረንጓዴ የውኃ ሽጉጥ፤ «ክልክል ነው፣ እንቺ» አለች።
በሁለት እጇ ሰጠችኝ።
በሁለት እጄ ተቀበልኳት።
ዝናብ በሚናፍቅ አገር የጃንጥላ መስቀያ አለን፤
እዚያ ሰቀልኳት።

አባት ጉሮሮውን ጠረገ። «መኪና ውስጥ
አንድ ነገር ረሳሁ» አለኝ፣ ፊቱ ሲለዋወጥ።
ተመለሰ። ግራ እጁ ተወዛወዘ፣ ከቀኙም በላይ፤
ባዶ ሆኖ ይሁን፣ ወይ ለእኔ እንዲታይ፣
እስከ ዛሬ እንጃ።

ሲወጡ ልጅቷ ንብረቷን ተረከበች፤
ጫማዬን ረጭታ እየሳቀች ሮጠች።

ማታ ሳጂ፣ አለቃዬ፣ መዝገቡን ዘርግቶ
«ምን ነበር?» ይለኛል፣ ብዕሩን አስጠግቶ።
«ምንም» ብዬ ፈረምኩ።
ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ማደሪያችን ስሄድ
ግራ እጄ ከጎኔ አልላቀቅ አለ፣ በመንገድ።